የሩቅ ማኅበርተኛ

ከማኅበርተኛ ሁሉ የሚበረታው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከአገሩ ወጥቶ ወረታ ከተማ የገባው ነው፤ እኔን ጨምሮ ማለቴ ነው። ሻይ ቤት በተቀመጥን ቁጥር የገጠሩን የሚካኤል ማኅበር ታሪክ እንተርካለን። ቤተ ክርስቲያኑ ገና ሳር ክዳን ሳለ፣ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲውጠው፣ አባቶቻችን ጽዋውን በታንኳ አሻግረው ማኅበሩን እንዳላስታጎሉ። ስንተርክ እንባችን ይመጣል። ወር በገባ በአሥራ ሁለት ግን ሁላችንም ጉዳይ አለን።

አንድ ጊዜ ናፍቆቱ ጸናብኝና ሄድኩ። ደጀ ሰላሙ ውስጥ ያገኘሁት ቄሱንና የማኅበሩን ሙሴ አያ ሙላውን ብቻ ነው። መሪውም የዕለቱ ደጋሽም እርሳቸው ነበሩ። ቄሱ ጸሎት አደረሱ፤ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ።

«እንግዲህ የሚመጣውን ወር ማን ይቀበለኛል?» አሉ አያ ሙላው በወጉ መሠረት። ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። የእኔ ዓይን ጣሪያው ላይ አረፈ፤ ቆርቆሮው እንዴት ያምራል።

ጽዋ ደግሞ ያለ ተቀባይ አያድርም። አያ ሙላው ቀስ ብለው አስቀመጡት፤ ዞረው በተቀባይ በኩል ቆሙና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አነሱት። «ሚካኤል ያስፈጽምህ» አሉ። «አሜን» ያሉትም እርሳቸው ናቸው።

ወጉ ተቀባዩን እየዘመሩ እስከ ቤቱ መሸኘት ነው። «ትሸኘኛለህ አይደል ልጄ?» አሉኝ።

ባጃጅ እየጠበቀኝ ነበርና እስከ ሩዙ ማሳ ጫፍ ሸኘኋቸው። ከዚያ ወዲህ ወር በገባ በአሥራ ሁለት፣ ወረታ ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ የቀረውን መንገድ እሸኛቸዋለሁ።