ክቡር የጥገና ሚኒስትራችን

በየሕንፃው አንድ ጠጋኝ ጡረተኛ አለ፤ የሌለበት ሕንፃ ካለ ገና ሰው አልገባበትም ማለት ነው። የእኛው ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ይኖራሉ። ክቡር የጥገና ሚኒስትር እንላቸዋለን። ዕድሜያቸውን የፈጁት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው፤ ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ አንዲት ሚስማር መትተው አያውቁም። ሴትዮዋ የሚያንጠባጥበውን የማድቤት ቧንቧ «ኧረ እባክህ እየው» እያሉ ሲጨቀጭቋቸው ኖረው ሞቱ። ሚኒስትሩ ከቀብር ሲመለሱ ካቻቢቴ ገዝተው ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ሰላም አጣን። አንድ ነገር ሲጢጥ ካለ በር ላይ ናቸው። «እኔ እያለሁ?» ይላሉ። ሌላ ንግግር የላቸውም። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ የሚፈቱት ብዙ፣ መልሰው የሚገጥሙት ጥቂት ነው። የምድር ቤቷ ልብስ ሰፊ መኪና እሳቸው ከነኩት ጀምሮ ወደ ኋላ ብቻ ይሰፋል። የመምህሩ የበር ደወል እንግዳ ሲመጣ ዝም ይልና እንግዳው ተስፋ ቆርጦ ሲሄድ ይጮኻል። ነዋሪው የተበላሸ ዕቃውን እንደ ኮንትሮባንድ በፌስታል ደብቆ ወደ ባለሙያ ማውጣት ጀመረ።

ባለፈው ጊዜ የደረጃውን አምፖል ሊቀይሩ ወጥተው ከመሰላል ወደቁ። ልጃቸው መጣችና የመሣሪያ ሣጥኑን ይዛ ሄደች። «አባዬ፣ በቃ። ከእንግዲህ ቁጭ በል» አለቻቸው።

ታዘዙ። ቁጭ አሉ።

ሕንፃው የተመኘውን ጸጥታ አገኘ። ከጣሪያዬ በላይ ኮቴ ጠፋ። የምታበስልላቸው ሴት ምግቡ ሳይነካ እንደሚመለስ ነገረችኝ። በእኔ ዕድሜ ሰው የሞትን አመጣጥ በጆሮው ያውቃል፤ እንዲህ ነው የሚጀምረው።

አንድ ጠዋት የራሴን በር ማጠፊያ ብሎኖች ፈታሁና ወደ ላይ ወጣሁ። በሬ መውለቁን፣ ባለሙያ ልጠራ ማሰቤን ነገርኳቸው።

ከወንበራቸው ቀና ለማለት ጊዜ ወሰደባቸው። «እኔ እያለሁ?»

በግድግዳው ተደግፈው ወረዱ። መሣሪያ እንደሌላቸው ትዝ ያላቸው በሩ ጋ ከደረሱ በኋላ ነው። ዞር ዞር ሲሉ፣ እኔ ከንቱ ወንበሩ ላይ የረሳሁትን ካቻቢቴ አዩት። አጠገቡ ብሎኖቹ ተደርድረዋል። አነሱት፤ ካቻቢቴውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ። እስከ እኩለ ቀን ላባቸው እየተንጠባጠበ ታገሉ።

ሲወጡ ትከሻዬን ያዙ። «ወንድሜ፣ ነገ የመስኮቱን ፍታልኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ዛሬ ግን ሌላ እንዳትነካ፤ ደክሞኛል።»

በሬ ከዚያ ወዲህ ገጥሞ አያውቅም፤ ወንበር አስደግፌበት እተኛለሁ። ብርዱ ጉልበቴን ይቆረጥመኛል። ከላይ የክቡርነታቸው ኮቴ ወዲያ ወዲህ ይላል።

ይበርደኝ። መስኮቱም ተፈቷል።