ከአጥር ውጭ የቀረ ምስጋና

እኛ የዚህ አገር ሰዎች ውለታ እንዴት እንደምንመልስ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሰው ሸክም ቢያግዘን፣ የጠፋ በግ ፈልጎ ቢያመጣልን፣ ታመን ቢጠይቀን፣ «እግዜር ይስጥልኝ» እንላለን። እኔ እጄ ላይ ምንም የለም፣ የላይኛውን ጠይቅ ማለታችን ነው። ደግ፤ የሰው ውለታ በእግዜር ተመለሰ። የእግዜርስ ውለታ? እሱን ደግሞ ለቄስ እናስተላልፈዋለን። ቄስ ይጹሙልን፣ ቄስ ይቁሙልን፣ ቄስ ያመስግኑልን። እኛ እንብላ!

ይህን የምለው የሰው ሃይማኖት ለመንቀፍ እንዳይመስላችሁ፤ የማማው የራሴን ቤት ነው። እኛ ቤተ እስራኤሎች ነን። ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ፣ ከቁልቁለቱ ሥር ጥቂት ጎጆ ይዘን እንኖር ነበር። ወንዶቻችን ማረሻ ይቀጠቅጣሉ፣ እኛ ሴቶቹ ሸክላ እንሠራለን። ጎረቤት በማረሻችን ሲያርስ፣ በእንስራችን ውሃ ሲቀዳ ይውልና፣ ሲመሽ ጅብ ትሆናላችሁ ይለናል። ጅብ ብንሆን ኖሮማ እንዲህ አንራብም ነበር። መሬት የሚባል ነገር አልነበረንም። የደርግ አዋጅ መጥቶ የገበሬ ማኅበሩ ሲደለድል ግን ለእኛም ደረሰን። ድንጋያም ነው፣ ተዳፋት ነው፣ ቢሆንም የኛ ነው። ገብስ ዘራንበት። ጎተራው ባዶ ስለነበር ክረምቱን ጎመን እየቀቀልን ተሻገርን፤ ገብሱ ሲያሸት ልጆቼ ማሳው ዳር ተቀምጠው ምራቃቸውን ይውጡ ጀመር። አትንኩ እላቸዋለሁ። ሕጋችን ነዋ! በጥቅምት፣ በበዓለ መጸለት፣ በዳስ በዓላችን፣ ከአዲሱ እህል የተጋገረው ዳቦ ጸሎት ቤት ገብቶ፣ ቄሱ ባርከውት፣ ጉባኤው አሜን ሳይል ከአዲሱ እህል የሚቀምስ የለም።

ሌላም ሕግ አለን። ከእኛ ወገን ያልሆነ ሰው የነካው ሰው ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ፣ ፀሐይም ሳትጠልቅበት የጸሎት ቤቱን አጥር አያልፍም። ጎረቤቶቻችን ለዚህ ነው «አትንኩኝ» ብለው ስም ያወጡልን። ይህቺን ሕግ ወንዶቻችን እንዴት እንደሚወዷት ብነግራችሁ! ከልጅነቴ ጀምሮ በበዓል ጠዋት ከአጥሩ ውጭ፣ ወይራው ሥር ተደርድረው ሲቀመጡ ነው የማውቃቸው። ለምን አትገቡም? «ትናንት ገበያ ነክቶኛል።» ሊታጠቡ አይችሉም ነበር? «ውርጩን አላየሽም?» ከዚያ የበሬ ወሬ፣ የዝናብ ወሬ፣ የሰው ወሬ። ውስጥ ቄስ ወርቁ ጥምጥማቸውን ነጭ አድርገው ብቻቸውን ያዜማሉ፤ እኛ ሴቶቹ በበሩ በኩል ቆመን አሜን እንላለን። ዳቦው ሲቆረስ ግን አትጠይቁኝ፤ እጅ ሁሉ በአጥሩ ላይ ይዘረጋል።

በዚያ ዓመት ደግሞ ስብሰባ የሚባል ጸጋ ወረደላቸው። በበዓሉ ዋዜማ የገበሬ ማኅበሩ ጠራቸው፤ ከክርስቲያኑም ከእስላሙም ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተጣብበው ዋሉ። ባሌ ታረቀኝ ተመልሶ ከምድጃው አጠገብ ተዘረጋ። እኔ ያንን ገብስ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከገዛ መሬቴ ያገኘሁትን ገብስ ፈጭቼ፣ አቡክቼ፣ ጋግሬ ወገቤ ተቆርጧል።

«ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንዝ አትወርድም?» አልኩት።

«ቄሱ ይበቃሉ፤» አለኝ።

«ለበረከቱም ቄሱ ይብቁዋ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!»

ዞሮ ተኛ። ሰው ለጠፋ በግ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ፣ ለመሬት እንዴት እግሩን ማርጠብ ያቅተዋል?

በማግስቱ ዳቦዬን ይዤ ሄድኩ። ልጆቼ ቀሚሴን ይዘው ይከተላሉ። ወይራው ሥር ወንዱ ሁሉ ተቀምጧል፣ ታረቀኝም መሀላቸው። ቄስ ወርቁ ብቅ አሉና አዩዋቸው። ቆጣ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ መንገድ መንገዱን ያያሉ። ወዲያው የማኅበሩ ሊቀመንበር ሙሄ በበቅሎ መጣ። ሙሄ እስላም ነው፣ ደግ ሰው ነው፣ ወጋችንንም ስለሚያውቅ ሁልጊዜ ከሩቅ እጅ ነስቶ ያልፋል። ያን ዕለት ቄሱ ከአጥሩ ወጥተው፣ መንገዱን ተሻግረው፣ ሁለት እጁን ለቀም አድርገው ያዙት።

«ያ ረቢ! ቄስ፣ ምን ነካዎት?» አለ ሙሄ ደንግጦ።

«አንተ ነካኸኝ፤» አሉና መጥተው ታረቀኝ አጠገብ ቁጭ አሉ።

ያስገባነው ዳቦ ውስጥ ነው፣ የሚባርከው ውጭ ነው። ትንሿ ልጄ ማልቀስ ጀመረች። «ቄስ፣ እንግዲህ ማን ይባርክ?» አለ ታረቀኝ።

«እኔም እኮ ትናንት ያ አግዳሚ ላይ ከናንተ ጋር ነበርኩ፤» አሉ ቄሱ። «ስብሰባው እንዳለቀ ወንዝ ወርጄ በዚህ እርጅናዬ ታጠብኩ። ወንዙ ለእኔ ብቻ ነው የሚፈሰው? ዛሬ አብረን እንወርዳለን፤ ካልሆነም እህሉ ይቀመጥ።»

የልጅቷን ለቅሶ ሰምቶ መጀመሪያ የተነሳው ታረቀኝ ነው። ሌላውም እያጉረመረመ ተከተለ። የጥቅምት ወንዝ ታውቁት የለ! የባሌ ጩኸት ከቁልቁለቱ እስከ ጸሎት ቤቱ ይሰማ ነበር፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ፀሐይ ስትጠልቅ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ገቡ። ቄሱ ባረኩ። አሜን ሲሉ ጣራው የሚነሳ መሰለኝ፤ እኔም ሳላስበው እንባዬ መጣ። ዳቦው ደርቆ ነበር፣ ልጆቼ ግን ፍርፋሪውን እንኳ ከመሬት አላስቀሩም።

ታረቀኝ ድርሻውን ተቀብሎ ጎንበስ አለና፣ «ቄስ፣ እግዜር ይስጥልን፤» አላቸው።

«እሱማ ሰጠ፤» አሉ ቄሱ። «የጠፋው ተቀባይ ነበር።»

በዓመቱ በበዓሉ ዋዜማ ሙሄ ራሱ ስብሰባውን በጊዜ በተነው አሉ፤ «ውሃው ሳይቀዘቅዝባችሁ ውረዱ» ብሎ። የኛን በዓል እስላሙ ሊቀመንበር አስታወሰልን። ታረቀኝ እቤት ሲደርስ ጋቢውን ለብሶ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና፣ «ዘንድሮስ ጉንፋን ነው መሰለኝ» አለ። ጋቢውን ከላዩ ገፍፌ በሩን ከፈትኩለት።