የሊቀ ፍሬን ቀኝ እግር

በየቤተሰቡ ሳይነዳ የሚነዳ አንድ ሰው አለ። እኛ ቤት የለም የምትሉ ካላችሁ፣ እናንተው ናችሁ። መሪ አልያዘ፣ መንጃ ፈቃድ አላወጣ፣ ግን መኪና ውስጥ ከገባ ጀምሮ ላቡ ጠብ እስኪል የሚሠራው እሱ ነው። ሹፌሩማ ለስሙ ነው የተቀመጠው።

የሰፈራችን ፀጉር ሠሪ አባት ግን የነዚህ ሁሉ አለቃ ናቸው። ሰፈሩ "ሊቀ ፍሬን" ነው የሚላቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ የስፌት መኪና ሲረግጥ የኖረ ቀኝ እግራቸው ከሱቅ ሲወጣም ሥራ አይፈታም። ታክሲ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ካልሆነ አይቀመጡም። ገና መታጠፊያው ሳይታይ፣ "ያዝ… ያዝ… ያዝ!" እያሉ ወለሉን ይረግጡታል። መኪናው ሲቆም ሹፌሩን "እኔ ባልኖር ዛሬ አልቆልህ ነበር" በሚል ዓይን ያዩታል። የቀኝ ጫማቸው ሶል ሁሌ ቀድሞ ስለሚያልቅ ጫማ ሰፊው፣ "አባባ፣ በአንድ እግር ነው እንዴ የሚሄዱት?" ብሏቸዋል።

አንዴ የአውቶቡስ ሹፌር አንገሽግሾት ዳር ይዞ አቆመና፣ "እንኩ፣ ይንዱት!" አላቸው።

ሊቀ ፍሬን ኮታቸውን አስተካከሉ። "እኔ መንዳት አልችልም" አሉ። "ማቆም ነው የምችለው።"

መንገድ ላይ ተኝተውም አያውቁም። "አንድ ሰው መንቃት አለበት" ነው የሚሉት። ፀጉር ሠሪዋ ልጃቸው ትንሽ ሆና ረጅም መንገድ ሲሄዱ፣ አውቶቡሱ ሙሉ አንገቱ እየተሰበረ ሲያንቀላፋ፣ አፍጥጠው የሚቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እሷ ጭናቸው ላይ ተኝታ የምትነቃው ሲደርሱ ነው።

ባለፈው ሐኪሙ የደም ግፊታቸውን ለክቶ ፊቱ ጠቆረ። "እረፍት! ካላረፉ ለልብዎ ዋስ አልሆንም።" ልጅቱ ደነገጠች። ባሕር አጠገብ ወስዳ ልታሳርፋቸው ብላ ከፀጉር ቤቱ አምስት ቀን ፈቃድ ለምና አገኘች። ባሕሩ ጋ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ነው። ሁለት መሄጃ፣ ሁለት መመለሻ፣ በቀረችው ቀን ባሕሩን ሰላም ብሎ መመለስ። በአውሮፕላን ግን ሰዓት ከሩብ። ትኬት ቆረጠች። እሷም ፈርታለች፤ ተሳፍራ አታውቅማ። ለማንም አልተናገረችም።

"ሰዓት ከሩቡ ጥሩ ነው" አሉ አባቷ። "ግን አውቶቡስ ሲበላሽ ወርደሽ ዛፍ ስር ትቀመጫለሽ። ይሄ ሲበላሽ የት ትቀመጫለሽ?"

ሳምንቱን ሙሉ ያቺን ዛፍ ስታስብ ከረመች።

ፍተሻው ላይ ከኮታቸው ኮሌታ ስር ሦስት መርፌ፣ ከኪሳቸው መቀስ ወጣ። መቀሱ እዛው ቀረ። "ሰውን ሁሉ ለማናውቀው ሹፌር አስረክበው፣ ከኔ መቀስ ይነጥቃሉ" እያሉ ገቡ።

ወንበራቸው ወደ ኋላ ነበር። ሊቀ ፍሬን አንገታቸውን ቢያሰግጉ መጋረጃ እንጂ ሹፌር የለም። አስተናጋጇን ጠሯት።

"የኔ ልጅ፣ ሹፌሩ ደህና ተኝቶ ነው ያደረው?"

"ካፒቴን ነው የሚባለው፣ አባባ።"

"ካፒቴንም ይሁን ኮሎኔል፣ ተኝቷል ወይ?"

"ተኝቷል።"

"አይተሻል?"

አስተናጋጇ ልጅቱን አየች። ልጅቱ መስኮቱን አየች።

ገና ሲንደረደር፣ "ያዝ… ያዝ…" ተጀመረ።

"አባዬ፣ እዚህ ፍሬን የለም!" አለች ጥርሷን ነክሳ። "ረገጥክ አልረገጥክ ለውጥ የለውም!"

ሊቀ ፍሬን እንደተሰደበ ሰው ዝም አሉ። እግራቸው ግን ሰዓት ከሩብ ሙሉ ዝም አላለም። መሬት ሲነኩ ተሳፋሪው አጨበጨበ። አባት ላባቸውን ጠርገው፣ ግራና ቀኝ አንገታቸውን ዝቅ እያረጉ ጭብጨባውን ተቀበሉ።

ባሕሩ እንደሚወራለት ነው። እሳቸው ግን የሆቴሉ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ከሩቅ የሚመጣውን አውሮፕላን ሁሉ ሲያሳርፉ ዋሉ፣ መመለሻቸውን እያሰቡ። በሦስተኛው ቀን ፋርማሲ ወስዳ ግፊታቸውን ስታስለካ ጭራሽ ጨምሮ ተገኘ። ላሳርፈው ብዬ ልገድለው ነው፣ አለች በሆዷ።

የመመለሻው ቀን ቀበቶውን አሰረችላቸው። ቁርጭምጭሚታቸው አብጧል።

"አባዬ።"

"እ?"

"ዛሬ ተራው የኔ ነው።"

"የምኑ?"

"እኔ እነቃለሁ። አንተ ተኛ።"

ዝንፍ ያለ ስፌት እንደሚያዩ አተኩረው አዩዋት። "ትችያለሽ?"

"እችላለሁ።"

"ፍሬኑስ የት ነው?"

የለም ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። "ቀኝ እግሬ ስር።"

"ቶሎ አጥብቀሽ እንዳትይዢ። ቀስ እያልሽ።"

"እሺ አባዬ።"

ደመናው ጋ ሳይደርሱ ትከሻዋ ላይ ማንኮራፋት ጀመሩ። መጀመሪያ ደስ አላት። ቆየት ብሎ ማንኮራፋቱ ቆመ፤ ደንግጣ እጇን አፍንጫቸው ስር አደረገች። ይተነፍሳሉ። ከዛ አውሮፕላኑ ተንገጫገጨ። ክንፉ ሲያረገርግ ይታያታል። ወደ ጎን ዞር ብትል የነቃ ሰው የለም፤ ሁሉም አንገቱ ተሰብሯል። ያኔ በልጅነቷ ድብን ብላ ትተኛ የነበረው ለምን እንደሆነ አሁን ገባት። ፍርሃቱን የሚፈራላት ሰው ነበራታ።

መሬቱ ሲቀርብ ከንፈሯ ብቻውን፣ "ያዝ… ያዝ… ያዝ…" አለ። ጎማው ድም ሲል እግሯ እስኪደነዝዝ ረገጠች። አውሮፕላኑ እየተንደረደረ ሄዶ፣ ሄዶ፣ ቆመ። ሰው ተነስቶ ሻንጣውን ያወርድ ጀመር።

ሊቀ ፍሬን ዓይናቸውን ገለጡ። መስኮቱን አዩ። ልጃቸውን አዩ። ከዛ ጎንበስ ብለው ወለሉ ላይ እንደተተከለ የቀረውን እግሯን አዩ።

"በይ ልቀቂው" አሉ፣ ጉልበቷን መታ መታ እያረጉ። "ቆሟል።"