ሊቀ ማብራሪያ እና ባለ ጅራቱ መድኃኒት

ውሃ ስጠኝ ብትሉት ከየትኛው ጉድጓድ እንደተቀዳ ሳይተርክ ብርጭቆውን የማይለቅ ሰው በየሰፈሩ አንድ አለ። ሁለት ከሆኑ ሰፈሩ ይፈርሳል።

የኛ ሰፈር ድርሻ ሊቀ ማብራሪያ ናሁሰናይ ነው። ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ መንግሥት በሥራ ብዛት ዘንግቶታል። ሥራው መድኃኒት ቤት ነው። የራስ ምታት ኪኒን ልትገዙ ትገባላችሁ፤ ሆድ የገባ ኪኒን እንዴት ራስ ላይ እንደሚደርስ ሰምታችሁ ስትወጡ ራስ ምታቱ ወይ ትቷችኋል ወይ ብሶባችኋል። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ትምህርት ሳቆም ከመምህር የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር።

ታናሽ እህቴ ስምረት የእግሯ ቁስል አመርቅዞ ሆስፒታል ተኛች። ባክቴሪያው ደሟ ውስጥ ገብቷል ተባለ። የተለመዱት መድኃኒቶች አልነኩትም። ሐኪሙ ዳፕቶማይሲን የሚባል በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አዘዘና «ይኼም ካልያዘላት…» ብሎ ቀሪውን ዋጠው። በሕይወቴ ብዙ ነገር «ይሁን» ብዬ አሳልፌያለሁ። ይኼን ግን ይሁን ማለት አቃተኝ።

በማግስቱ ጠዋት አክስታችን ስምረትን ስትጠብቅ፣ እኔ ቀፊራ ገበያ ቀይ ሥሬን ለሽያጭ እንደዘረጋሁ ናሁሰናይ ከተፍ አለ። ፊቱ ወንድ ልጅ እንደተወለደለት አባት ያበራል።

«እታለም! ዳፕቶማይሲን አሉኝ! እውነት ነው?»

«ያድናታል ወይስ አያድናትም?»

«ቆይ፣ ከጅራቱ እንጀምር።»

ይቺ የዘወትር አባባሉ ናት። አንድ ቀይ ሥር ብድግ አደረገ። «መድኃኒቱ ይኼ ነው እንበል። ክቡ ራስ፣ ከአሚኖ አሲዶች የተሠራ ቀለበት ነው። ይቺ ቀጭን ጅራት ደግሞ ስብ ናት። የባክቴሪያው ሽፋንም ስብ ነው። ስብ ስብን ይወዳል፤ ጅራቷ እንዲህ ትሰካለች!» ብሎ ጎረቤቴ ፈርዶውሳ ለሽያጭ ባቀረበችው፣ በድሬ ሙቀት ግማሹ በቀለጠ ቅቤ ላይ ሰካው።

«ወሪያ! ቅቤዬን!» ብላ ፈርዶውሳ ዘለለች።

እሱ የት ሰምቶ። «ችግሩ፣ የመድኃኒቱ ራስና የባክቴሪያው ሽፋን የሁለቱም ቻርጅ ኔጌቲቭ ነው፤ ይገፋፋሉ። መሃል የሚገባ ደላላ ያስፈልጋል። ደላላው ካልሲየም ነው! እሱ ሲያስማማቸው ራሱ ይጠጋል፣ ጅራቱ ይሰካል፣ ጓደኞቹ ይከተላሉ፣» ሌላ ቀይ ሥር ሰካ፣ ሌላም ደገመ፣ «ሽፋኑ ማፍሰስ ይጀምራል፣ ባክቴሪያው አለቀለት!»

«የስምረትንስ ሽፋን ቢበሳው?»

«የኛ ሴል በውጭ ገጹ ላይ ያ ዓይነት ስብ የለውም ማለት ይቻላል። ደላላው ቢመጣም ገበያ አያገኝም።»

ፈርዶውሳ ቅቤዋን እየጠረገች «ደላላው የት ይገኛል?» አለች።

«ካልሲየም? ወተት ውስጥ ሞልቷል» ብሎ ሄደ። እንዲህ ያለ አጭር መልስ ሰጥቶ አያውቅም፤ ጣጣውም ከዚያው መጣ።

ማታ ከናሁሰናይ ጋር በባጃጅ ወደ ሆስፒታሉ ስንሄድ፣ ሾፌሩ ዒልሚ ወሬያችንን ሰምቶ እያሳለ «አቦ፣ ያንን መድኃኒት ለኔም ሳል ስጠኛ» አለው።

«ለሳንባ አይሆንም! ሳንባ ውስጥ ያለው ቅባት ጅራቱን ቀድሞ ይይዘዋል። ቆይ፣ ከጅራቱ…»

ማብራሪያው ሲያልቅ ሆስፒታሉን አልፈን ሳቢያን ሰፈር ደርሰናል።

በማግስቱ ስምረት አልጋ ሥር የግመል ወተት በጄሪካን ተደርድሮ አገኘሁ። ፈርዶውሳ «የስምረት መድኃኒት ደላላ ጎድሎታል» ብላ ለቀፊራ ሁሉ አውጃ ኖሯል።

ናሁሰናይ ራሱን ያዘ። «ኧረ በፈጠራችሁ! ደሟ ውስጥ ያለው ካልሲየም ይበቃል!»

«አቦ ተወና! ደላላ ቢበዛ ምን ይጎዳል?» አለች ፈርዶውሳ። «ደግሞስ አንተው አይደለህ ያልከው?»

ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ሆነ። ስምረት በትኩሳት እንደነደደች ናት፤ ዓይኗን አትገልጥም፣ ምግብ አትቀምስም። ናሁሰናይ በየቀኑ እየመጣ ያስረዳል፤ የጎረቤት አልጋ በሽተኞች ሳይቀሩ ስለ ጅራቱ ሊቅ ሆኑ። እኔም ሳላስበው ጆሮዬ ለመደው። አንድ ቀን ግን ኮሪደር ላይ ብቻውን ዝም ብሎ ቆሞ አገኘሁት።

«ምነው?» አልኩት።

«ሁሉም ባክቴሪያ እሺ አይልም፣ እታለም። አንዳንዱ ሽፋኑን ይለውጣል፤ ያኔ ደላላውም አያስማማም።»

ከዚያ በላይ አላብራራም። ከልቤ የፈራሁት ያን ጊዜ ነው። የሚያወራው ለካ እኔ እንዳልፈራ ነበር።

በሌላው ቀን ጠዋት እኔ፣ ናሁሰናይና ፈርዶውሳ አልጋዋን ከበን ተቀምጠን ግንባሯን ብነካው በላብ ርሶ ቀዝቅዟል። ስምረት ዓይኗን ገለጠች።

«ራበኝ» አለች። ወደ ጄሪካኖቹ እያየች፣ «ያ ሁሉ ወተት የማነው?»

«አልሐምዱሊላህ! ደላላዬ ሠራ! ወላሂ ወተቱ ነው!» ብላ ፈርዶውሳ እልልታዋን አቀለጠችው።

ሁላችንም ወደ ናሁሰናይ ዞርን። ሊቀ ማብራሪያ አፉን ከፈተ። ወተቱ ስምረት አፍ ገና እንዳልደረሰ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ጄሪካኑም ያውቃል። ጣቱን አነሳ። የፈርዶውሳን እንባ አየ። ጣቱን አጠፈ።

«ቅጂላት» አለ።

በሕይወቱ ሳያርመው ያለፈው ስህተት ያ ብቻ ነው። ስምረት ስትጠጣ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ጸጥታው ግን አልተስማማኝም። አንድ ነገር ጎደለኝ። ወንበሬን ወደሱ ሳብኩና፣

«አንተ ናሁሰናይ፣ ምን ይዘጋሃል?» አልኩት። «ከጅራቱ ጀምር እንጂ!»