የፅናት ሰርግና ርካሹ ተቆጣጣሪ

[ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ገበያ፣ የሰርግ ቪዲዮ የሚሠራበት ጠባብ ሱቅ። ውባየሁ የተፈታታ ኮምፒውተር ላይ ጎንበስ ብሏል። በሴቶቹ በኩል የምትቀርጸው ባልደረባው ራሒማ ካሜራዋን ትወለውላለች።]

ራሒማ፦ ተቆጣጣሪ አያስፈልገንም አልኩህ። ሁለት ሰው ለሚሠራበት ሱቅ ተቆጣጣሪ ምን ያደርጋል?

ውባየሁ፦ ሰው አይደለም እኮ። ካርድ ነው። የዲስክ መቆጣጠሪያ።

ራሒማ፦ ርካሽ ከሆነ የምትፈልገው የአጎቴ ልጅ አብዱልናስር አለ። የከሰላ አውቶቡስ ላይ ተቆጣጣሪ ነበር። ምሳ ካበላነው ይመጣል።

ውባየሁ፦ [ሁለት ካርድ አንስቶ] አንች ዝም ብለሽ ስሚ። ይኼ አዲሱ፣ ካርቶኑ የሚያብረቀርቀው፣ አታላይ ነው። ሥራውን ራሱ አይሠራም፤ ዊንዶውስ ላይ በሚጫን ፕሮግራም ያሠራል። የእኛ ኮምፒውተር ደግሞ የሚነሳው በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስ ነው። ሊኑክስ ሲያናግረው ዝም ይላል።

ራሒማ፦ በዐረብኛ ቢያናግረውስ?

ውባየሁ፦ ይኼኛው ግን ከካርቱም የመጣ፣ ትልቅ ማሽን ላይ ያገለገለ ነው። የራሱ አንጎል አለው። አሮጌ ስለሆነ ረከሰ እንጂ ሊኑክስ ገና ሲነሳ ነው የሚያውቀው።

ራሒማ፦ የት ተዋወቁ?

ውባየሁ፦ ሊኑክስ ክፍት ነው። ማንም ገብቶ ውስጡን ያያል፣ የጎደለውን ይሞላል። ካርዱን የሚያውቅ ሰው ገብቶ አስተዋወቃቸው።

ራሒማ፦ ክፍት? ያ ሁሉ ሙሽራ ውስጡ ተቀምጦ? እኛ በሩን በብረት ቆልፈን የምንሄደው ለምንድን ነው ታዲያ?

[ውባየሁ አሮጌውን ካርድ ይሰካል፤ ሁለት ዲስኮች ያገናኛል፤ የሰርግ ቪዲዮዎቹን ይጭንባቸዋል። ኮምፒውተሩ ያለ ችግር ይሠራል።]

ውባየሁ፦ አየሽ? አሁን ሁለቱ ዲስኮች መስታወት ናቸው። አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላውም ላይ ይጻፋል። አንዱ ቢሞት አንዱ አለ።

ራሒማ፦ መስታወት ፊት ቆሜ ኩሌን ብጠርገው፣ መስታወት ውስጥ ያለችው ኩሏ ይቀርላታል?

ውባየሁ፦ ይኼ የሙሽራ ማስዋቢያ አይደለም። ቆይ ላሳይሽ። የፅናት ሰርግ ይኸውልሽ።

ራሒማ፦ እሱን ተወው። ሽማግሌው አያቷ እስክስታ የወረዱበት ነው። በሳምንቱ አረፉ፤ ሌላ ምስል የላቸውም። ዛሬ ከዐስር ሰላት በኋላ መጥታ ትወስደዋለች።

ውባየሁ፦ ለዚህ እኮ ነው የመረጥሁት። በተራ ነገር ባሳይሽ አታምኝም። [ይሰርዛል] ጠፋ። አሁን ከመስታወቱ አመጣዋለሁ።

[ውባየሁ ወደ ማያው እየተጠጋ ይሄዳል።]

ራሒማ፦ መጣ?

ውባየሁ፦ እየመጣ ነው።

ራሒማ፦ በምን ነው የሚመጣው፣ በሎሪ?

ውባየሁ፦ [ላቡን እየጠረገ] እዚያም የለም። እዚህ ስሰርዝ እዚያም ሰርዞታል።

ራሒማ፦ እንግዲያ ካርዱ ደህና ነው። የታዘዘውን አድርጓል።

ውባየሁ፦ ካሴቱስ? የተቀረጸበት ካሴት?

ራሒማ፦ የአምሳለን ሰርግ ቀረጽንበት። እንቆጥብ ያልከው አንተ ነህ።

ውባየሁ፦ [ወንበሩ ላይ ዘጭ ብሎ] ምን ብዬ ነው ፊቷን የማየው? ሙሽሮቹን ለምነን ሰርጉን እንደገና ብንቀርጸውስ?

ራሒማ፦ አያቷንስ?

ውባየሁ፦ ያ የአጎትሽ ልጅ ጺም አለው?

ራሒማ፦ አብዱልናስር እስክስታ አይችልም። ፋው ከተማ ያለው አይሻልም?

ውባየሁ፦ ፋው ያለው ምን?

ራሒማ፦ ዲቪዲው። ቀድቼ ለአክስቴ ለቱርካ የላክሁት። ጎረቤቱን ሰብስባ ታየዋለች። ሽማግሌው ለእስክስታ ሲነሱ ሴቶቹም አብረው ይነሳሉ አለችኝ። ብደውልላት በአውቶቡስ ትልከዋለች። ፅናትን ነገ ነይ እላታለሁ።

[ውባየሁ ፊቱን በሁለት እጁ ይሸፍናል።]

ውባየሁ፦ ማን ላኪ አለሽ?

ራሒማ፦ አንተ። ባለፈው ጊዜ «ሁለት ቦታ ያልተቀመጠ ሥራ እንዳልተሠራ ነው» አላልህም? እኔ ሁለት ቦታ ስትል ሁለት ከተማ መስሎኝ።

ውባየሁ፦ ሁለት ዲስክ ማለቴ ነበር።

ራሒማ፦ ማዕሌሽ፣ ይቅርታ ወንድሜ፣ ስላልገባኝ ነው። የተማረ ሰው ሁለቱንም አንድ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?