ለሌላው ገብረመድህን የመጡ ለቀስተኞች

በእኛ አገር የአባት ስም ከልጅ አያልፍም፤ የልጅ ልጅ ሌላ ይዞ ይመጣል። ይህን እያወቅን ግን ሁለት ሰው አንድ የአባት ስም ከያዘ ወንድማማች ሳናደርጋቸው አናድርም። እርስዎም ሳያደርጉት አይቀሩም። ገብረመድህን የሚለውን የአባት ስም ይውሰዱ፤ ከመገናኛ እስከ ገርጂ ብቻ በዚህ ስም ፋርማሲ አለ፣ የመኪና መለዋወጫ ቤት አለ፣ ስመ ጥር ሐኪም አለ፤ ቦሌ ደግሞ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ። እኔም የገብረመድህን ልጅ ነኝ። ያለኝ ግን ኮንዶሚኒየም ሥር አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ነው።

ሰፈሩ የባለሕንፃው ወንድም አድርጎኝ ኖሯል። መጀመሪያ ላይ "አይደለሁም" እል ነበር። "ሀብታም ዘመድ ያለው ሁሉ እንዲህ ይላል" እያሉ ሲስቁብኝ ተውኩት። ዝምታዬ ጥቂት አክብሮት እንዳመጣልኝም አልክድም።

ባለፈው ሳምንት ባለሕንፃው አረፉ። በማግስቱ የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ሙሉጌታ ጎረቤቶቹን አስከትለው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ቤቴ ገቡ።

"እግዜር ያጥናህ፤ የወንድም ሞት ከባድ ነው" አሉኝ።

ተሳስታችኋል ልል አፌን ከፈትኩ። እንባ ቀደመኝ።

ኪሮስ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረኝ፣ መቀሌ። የሞተው ስልክ በተቋረጠበት ጊዜ ነው፤ እኔ የሰማሁት ከወራት በኋላ፣ መስመር ሲከፈት ከደወለልኝ ከማላውቀው ሰው ነው። ያኔ ድንኳን ተክሎ "ወንድሜ እዚያ ሞተብኝ" ማለት ከበደኝ፤ ማን ምን ብሎ እንደሚተረጉመው አይታወቅም ነበር። ለሚስቴ ብቻ ነግሬ በማግስቱ ሱቄን ከፈትኩ።

አሁን ሚስቴ አጠገቤ ተቀምጣ "ንገራቸው" አለችኝ። ነገርኳቸው።

"ባለሕንፃውን በአካል እንኳ አይቻቸው አላውቅም። የሞተው ወንድሜ ኪሮስ ነው። ሦስት ዓመት አለፈው።"

ከባለሕንፃው ቤተሰብ ጋር ሊተዋወቅ አስቦ የመጣ የሚመስለኝ አንድ ደላላ፣ ስልክ እንደተደወለለት ሰው ኪሱን እየዳበሰ ወጣ። የቀረው ሰው ግን ከመቀመጫው አልተነሳም።

ጋሽ ሙሉጌታ "እንግዲያው የመጣነው ለኪሮስ ነው" አሉ። "እስካሁን ለምን አልነገርከንም?"

ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

"ምን ይሠራ ነበር?"

"አናጺ ነበር" አልኩ።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ፣ ስለ ኪሮስ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ "አናጺ ነው" ነበር የምለው።