አያ ቢራራ ከተማ ሊያዩ ነው

በየወረዳው አንድ ሰው አይጠፋም፤ ከደጁ ሳይወጣ መንገዱን የሚጨርስ። የእኛ የደባርቆቹ ክቡር አያ ቢራራ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ የፈረንጅ ጓዝ በበቅሎ ጭነው ተራራው ላይ እስካለው የጨነቅ ሰፈር ሲመላለሱ አንድ ቀን ገመድ አልረሱም፣ አንድ ቀን ጨው አልጎደላቸውም። ለሰርግ እዚህ ጎረቤት ዳባት ሲሄዱ እንኳ የሦስት ቀን ስንቅ ይይዛሉ። ለምን ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ "መንገድ የሚበላው ያልተሰናዳውን ነው።"

በ2007 ዓ.ም. ልጃቸው ትሕትና አዲስ አበባ ላይ ከዩኒቨርሲቲ ልትመረቅ ሆነና "አባባ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሳላይህ ጋውኑን አልለብስም" ብላ ደወለች። አያ ቢራራ ከጎንደር አልፈው አያውቁም። ከዘራቸው ፊደል ቆጥሮ እዚያ የደረሰ ደግሞ እሷ የመጀመሪያዋ ናት። እሷን ሳያዩ ከሚቀሩ ገደል ቢገቡ ይመርጣሉ።

ዝግጅቱ ከፋሲካ ጀምሮ ተያዘ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ሁሉ ተይዞ ተመረመረ። "ውሃው በየት በኩል ነው? ቁልቁለቱ እንዴት ነው? ጅብስ?" መኪናው ብዙ ነው ሲሏቸው መሻገር ለመለማመድ ደባርቅ ዋናው አስፋልት ዳር ቆሙ፤ የሚፈሩት መኪና እስኪመጣ ግማሽ ቀን ጠበቁ። ሰውን በሳጥን ወደ ሰማይ የሚያወጣ ሊፍት አለ ሲባሉም "የቧሂትን ተራራ የወጣ እግር ሳጥን ውስጥ አይገባም" ብለው ጉዳዩን ዘጉት።

ማንም ሊያስለውጣቸው ያልቻለው ነገር ማደሪያው ነበር።

"አልጋ ልያዝልህ?" አለች ትሕትና በስልክ።

"ሰው በሞላበት አገር? መንገደኛ ሲመሽበት የዳሩን ቤት ያንኳኳል፣ 'የእግዜር እንግዳ ነኝ' ይላል፣ ያድራል። ተራራ ላይ የጊች መንደር ሰው ስንት ጊዜ አሳድሮኛል!"

"አባባ፣ እዚህ በር አይከፈትም።"

"ክርስቲያን አይደሉም?"

ባለቤታቸው የሺወርቅ ከጎን ሆነው "ተያቸው ልጄ፣ በሩ ሲዘጋባቸው ይማራሉ" አሉ። ልጅቱም "በቃ መናኸሪያ እጠብቅሃለሁ፤ ከዚያ እንዳትነቃነቅ" ብላ ደመደመች።

መናኸሪያው ጋ ግን አልደረሱም። አርብ ከጎንደር ማልዶ የተነሳው አውቶቡስ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ከእንጦጦ አናት መውረድ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ብቅ ሲሉ አያ ቢራራ "የዳሩ ቤት ይኸው!" ብለው አስቆሙና ስልቻቸውንና ዱላቸውን ይዘው ወረዱ። ሥርዓት ሥርዓት ነው፤ የመሸበት እንግዳ መንደር መሃል ዘው አይልም። ስልካቸው ተዘግቷል። መብራት በሌለበት ተራራ የኖረ ሰው ባትሪ አያባክንም፤ ስልኩን የሚከፍተው እሱ ሲያሻው ነው። ልጅቱ እንደምትጨነቅም አላሰቡም፤ ጊች ላይ ላደረ ሰው ማን ይጨነቃል? ትሕትና ግን መናኸሪያ ቆማ የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ ወርዶ ሲያልቅ እያየች አለቀሰች።

አያ ቢራራ አራት የብረት በር አንኳኩ፣ አራቱም ዝም አሉ። በአምስተኛው ቀዳዳ አንድ ዓይን ብቅ አለ።

"ማነው?"

"የመሸበት፣ የእግዜር እንግዳ።"

"ከየት ነዎት?"

"ከደባርቅ።"

"እኔም የዚያው አገር፣ የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ነኝ" አለና በሩ ተከፈተ። ደምለው የሚባል ዘበኛ ነበር። ትልቁ ቤት የጌቶቹ ነው፤ የእሱ በበሩ ጥግ ያለችው የቆርቆሮ ክፍል ናት። አልጋውን ለእንግዳው ለቆ እሱ በርጩማ ላይ አደረ።

ጠዋት ከደጅ ሲወጡ ጉሙ ተገፈፈና ከተማው ከሥራቸው ተዘርግቶ ታየ። አያ ቢራራ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ስንቱን ፈረንጅ ገደል አፋፍ ላይ አቁመው ሲርበተበት ስቀውበታል፤ አሁን ተራው የእሳቸው ሆነ። ቆርቆሮው አያልቅም፣ ፎቁ አያልቅም፣ ዳር የሚባል ነገር የለውም። "እግዚኦ! ይህን ሁሉ ሕዝብ ማን ያበላዋል?" አሉ። ልጃቸው አራት ዓመት ብቻዋን እዚህ ውስጥ እንደኖረች ትዝ አላቸው። ስልኩን ከፍተው ደወሉ፤ እሷ ለምረቃው ሰልፍ ገብታ ኖሮ አታነሳም።

"የልጄ ትምህርት ቤት የቱ ነው?"

"ያ ዛፉ የበዛበት" አለ ደምለው። "ግን መንገዱ ተዘጋግቷል፤ በታክሲ ከሄዱ አይደርሱም።"

"የሚታይ አገር በእግር ነው የሚኬደው" ብለው ቁልቁለቱን ተያያዙት። ደምለው ከኋላ ያለከልካል። አያ ቢራራ በቆመው መኪና መሃል፣ ጭነት በሚጠብቁ በቅሎዎች መሃል እንደሚያልፉት አለፉ። አንዱም አልነካቸውም።

ዱላቸውን በር ላይ አስረክበው አዳራሹ ሲገቡ ስም እየተጠራ ነበር። ሺህ ጥቁር ጋውን፣ ሺህ አንድ ዓይነት ቆብ። ዓይናቸው ከዳር እስከ ዳር ዞሮ ልጃቸውን አጣ። ያኔ ድምፅ ማጉያው አዳራሹን ሞልቶ ጮኸ፤

"ትሕትና ቢራራ!"

አያ ቢራራ ብድግ አሉ። ሰው ከተራራ ተራራ በሚጠራራበት ድምፅም፤

"አቤት!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መድረኩ ደረጃ ላይ ያለች ዓይኗ ያበጠ አንዲት ልጅ ግን ወረቀቷን ሳትቀበል ዞራ ወደ ድምፁ ሮጠች።

ደባርቅ ይህን ሰምቶ ሳምንት ሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ኋላ ሳስበው ግን፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ስማቸው ተጠርቶ ዝም ቢሉ ኖሮ ነበር የማፍርባቸው።